ስፊው ነው ወይስ ፍቺው?

እንደምን ሰነበታችሁ። የጎረቤታችን አውራ ዶሮ ዛሬ እስካሁን ዝም ብሏል፣ ሳይቀድመኝ ልጀምር። ለምን እንደጠፋሁ ታውቃላችሁ። የአያቴ የአኮ አርባ አለፈ። የላካችሁልኝን የድምፅ መልእክት ሁሉ ሰምቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ ሕይወቷን ከመጀመሪያው ልተርክላችሁ ነበር ያሰብኩት። አልሆነልኝም። በየት በኩል ብጀምር ተመልሼ ያ ከሰዓት ላይ ነው የምወድቀው።

ሐምሌ ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ አጠገብ ያለ ሰው እንኳ አይሰማም። አኮ ትራስ ተደግፋለች። ያ ያላለቀው መሶብ ጭኗ ላይ ነው፣ ወስፌው እንደተሰካበት። ከፋሲካ ወዲህ ጣቶቿ እምቢ ብለዋታል፣ መሶቡን ግን ከአጠገቧ አታርቀውም። ገፋ አድርጋ ሰጠችኝና አንድ ቃል ተናገረች።

«ስፊው» አለችኝ። ወይም «ፍቺው»።

ጥርስ የላትም፣ ዝናቡ አለ፣ እኔ ደግሞ ሻይ ጥጃለሁ። «እሺ አኮ» ብዬ ተነሣሁ። ምኑን ነው እሺ ያልኩት? ሻዩ ቢገነፍል ምን ነበረበት?

በኦሮምኛ ብትነግረኝ ኖሮ አይምታታብኝም ነበር፤ «ሆዺ» እና «ሂኪ» በምንም አይመሳሰሉም። ግን እኔን በአማርኛ ነበር የምታናግረኝ፣ ከእናቴ ጋር ደግሞ በኦሮምኛ፣ ስትቆጣ በሁለቱም።

«ስፊው» ብላ ነው የሚመስላችሁ አኮን አታውቋትም። አንድ ዙር ከተጣመመ፣ አለላው ከታችኛው አለላ ጋር ካልገጠመ፣ የአሥር ቀን ሥራ ቁጭ ብላ ትፈታ ነበር። ሳትናደድ፣ እያንጎራጎረች። ለእህቴ ሠርግ የሰፋችውን ሦስት ጊዜ ፈታዋለች። መጨረሻ ላይ ቀዩ አለላ አለቀባትና ከማዳበሪያ ከረጢት ቀይ ክር መዘዘች። አክስቶቼ «ኧረ ነውር ነው» ሲሏት «ቀይ ቀይ ነው» አለች። ዛሬ ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው ያን ቀይ ነው።

ጅሬን ቤተ መንግሥት የወሰድኳትን ቀን ነግሬያችሁ ነበር አይደል? ያኔ ሰማንያን አልፋለች። አስጎብኚው ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ50 ዓመት በላይ እንደነገሡ ያስረዳል፣ እሷ አትሰማውም። የቤተ መንግሥቱን ሰገነት እንጨት በጣቷ እየቆጠረች ነበር። በሳምንቱ ያ ቅርጽ ሙዳይ ላይ ወጣ። ሙዳዩን ለማን እንደሰጠችው እስካሁን እየፈለግን ነው።

ዕድሜዋን እንኳ ቁጭ ብለን ያሰላነው ከሞተች በኋላ ነው። ጣሊያን ከጅማ ሲወጣ፣ በሰኔ 1933፣ ከእናቷ ጋር ስንደዶ ትለቅም እንደነበር ትናገር ነበር። ስንደዶ የምትለቅም ልጅ ስንት ዓመቷ ነው? ሰባት? ስምንት? እንግዲህ ዘጠና አልፏታል። ሰው «ጠግባ ነው የሞተችው» ይለኛል። እውነት ነው መሰለኝ። እኔ ግን አልጠገብኳትም፣ እና... ይቅርታ። ትንሽ ቆዩኝ።

እሺ። እናቴ «ልጄ፣ ስፊው ብላሽ ነው፣ ማን ሥራውን ፍቺልኝ ይላል» ትላለች። ታላቅ አክስቴ ደግሞ መሶቡን አገላብጣ አየችና «እዚህ ጋ ተጣሟል» አለችኝ። እውነትም ተጣሟል። መጨረሻ የሰፋቻቸው ሁለት ዙሮች፣ እጇ ሲደክም። ግን እኮ የመጨረሻዎቹ የእጇ ሥራዎች እነሱ ናቸው። እንዴት አድርጌ ነው እነሱን የምፈታው? ደግሞ እሷ ብትሆን... እሷ ብትሆን ትፈታቸው ነበር። አላውቅም።

ሐሙስ ገበያ ወጥቼ አዲስ ስንደዶ ገዛሁ፣ አሁን ወቅቱ ነው። አክርማውንም ጠዋት ነክሬዋለሁ፤ ደረቅ ከሆነ ይሰበራል። መሶቡ ይኸው ከማይኩ አጠገብ ነው። ወስፌው እሷ የሰካችበት ቦታ ላይ ነው ያለው፣ እስካሁን ማንም አልነቀለውም። ልስፋውም ልፍታውም መጀመሪያ እሱን...

ቆርቆሮው ጀመረ። ይሰማችኋል? እኔ እንጃ ድምፄን ትሰሙት እንደሆነ።