ካምቢዮው «ይውረድ» ከመባሉ በፊት

እንደምን አመሻችሁ! የመኪና ባለቤቶች፣ ሾፌሮች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ዕድሜዋ ስለገፋ መኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ነገሩን ታውቁታላችሁ። ማርሽ ስትቀይር ትመታለች። ዲ ላይ ስታስገቧት ቆም ብላ ነው የምትነሳው። አንዳንዴ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ጋራዥ ስትወስዷት አንዱ ኮፈን እንኳን ሳይከፍት «ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ» ይላችኋል።

እኔ ደግሞ ማውረድ የመጨረሻው ሥራ ነው እላለሁ። ከዚያ በፊት መታየት ያለበት ብዙ ነገር አለ፤ አብዛኛው ደግሞ ወጪው ቀላል ነው።

መጀመሪያ ዘይቱን እንይ። በማኑዋል ካምቢዮ ዘይት በዋናነት ማለስለሻ ነው። በአውቶማቲክ ግን ዘይቱ ራሱ ሠራተኛ ነው። የሞተሩን ጉልበት በቶርክ ኮንቨርተር፣ ማለትም በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ባለው ዘይት የሞላው ክፍል፣ የሚያሻግረው እሱ ነው፤ ፍሪሲዮኖቹን፣ ማለትም ተጣብቀው ጉልበት የሚያስተላልፉትን ሳህኖች፣ ጨምቆ ማርሽ የሚያስይዘውም ግፊቱ ነው። ኦልድስሞቢል በ1940 ሞዴሎቹ (እ.ኤ.አ.) ላይ ባለ 4 ማርሹን ሃይድራማቲክ ይዞ ከመጣ ወዲህ ኮምፒውተር ገብቷል፣ ማርሹም እስከ 10 ደርሷል። በዘይት መሥራቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ዘይት ሲጎድል ግፊት ይወርዳል፣ ፍሪሲዮን ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። ሲበዛም አረፋ ይሠራልና ውጤቱ ያው ነው።

አለካኩ ከመኪና መኪና ይለያያል። ብዙዎቹ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ሜዳ ላይ ቆመው ነው የሚለኩት። ሞተር ጠፍቶ የሚለኩም አሉ። መለኪያ ዘንግ የሌላቸውም አሉ፤ እነሱ ከታች በቡሎን ነው የሚታዩት። የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ አንብቡ እንጂ የጎረቤት ምክር አትከተሉ። ደግሞም ሞተር ዘይት እንደሚበላው ካምቢዮ አይበላም። ከጎደለ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

ቀጥሎ ዘይቱን ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርጉ። ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ጠቆር ቢል አያስደነግጥም። የተቃጠለ ከሸተተ ግን ፍሪሲዮኑ ተበልቷል ማለት ነው። ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ሮዝ ከሆነ መኪናዋን እዚያው አቁሙ። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ማቀዝቀዣ ተሰንጥቆ ውሃ እየገባ ሊሆን ይችላል። ውሃ ደግሞ የፍሪሲዮኑን ሽፋን ከብረቱ ያላቅቀዋል።

ኮምፒውተሩስ? ስካነር ተሰክቶ ፒ0700 የሚል የብልሽት ኮድ ከወጣ ብዙ ሰው ካምቢዮው የሞተ ይመስለዋል። ኮዱ የሚለው «የካምቢዮው መቆጣጠሪያ ችግር መዝግቧል፣ እሱን ጠይቁ» ብቻ ነው። ርካሽ ስካነር እዚያ ድረስ ላይገባ ይችላል። የማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይድን የሚጠቁመውን ፒ0750 ካገኛችሁም ሶሌኖይድ (የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) ለመግዛት አትሩጡ። ኮድ የሚጠቁመው የችግሩን አካባቢ ነው፤ የተበላሸውን ዕቃ አይደለም። ሽቦው ተቆርጦ፣ ማገናኛው ዝጎ፣ ወይም የመሬት ሽቦው ላልቶ ሊሆን ይችላል። የደከመ ባትሪ ራሱ ካምቢዮን ያሳብደዋል! መኪናዋ አንድ ማርሽ ላይ ተቸክላ አልቀይር ካለችም ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ካምቢዮውን ለማትረፍ ያደረገው ነው።

ከዚያ ነድቶ ማየት ነው። በመካከለኛ ፍጥነት፣ ነዳጅ በስሱ ረግጣችሁ ስትሄዱ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ነዳጁን ሳትለቁ ፍሬኑን ነካ አድርጉ። ያኔ ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ፍሪሲዮን ይለቃል። መንቀጥቀጡ አብሮ ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ኮንቨርተሩ ወይም ወደ ዘይቱ ይሄዳል። ካልጠፋ ችግሩ ከሞተሩ ሊሆን ይችላልና ካንዴላና ኮይል ፈትሹ። አር ወይም ዲ ስታስገቡ ብቻ «ጓ» የምትል ከሆነ ደግሞ ሞተሩን የተሸከመው ጎማ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሰበብ ስንት ደህና ካምቢዮ በከንቱ ወርዷል!

አሁን ወደምታከራክረን ጉዳይ ልምጣ። «ዘይቱን ቀይሬ ነው ካምቢዮዬ የሞተው» የሚል ሰው እዚህም አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰው ዘይት መቀየር ትዝ የሚለው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። ያኔ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ አዲስ ዘይት አይመልሰውም፣ ጥፋቱ ግን በዘይቱ ይሳበባል። ተቃጥሎ ለሚንሸራተት ካምቢዮ በዘይት ብር አታባክኑ።

ማርሽ በደንብ የምትቀይር፣ ዘይቷ ጠቆር ያለ ብቻ ከሆነ ግን ቀይሩላት። በግፊት ማሽን ማጠቡን ለአሮጌ ካምቢዮ አልወደውም። ከታች አፍስሶ የወጣውን ያህል መሙላት ይሻላል። አንዴ ሲፈስ የሚወጣው ከጠቅላላው ሲሶ እስከ ግማሽ ገደማ ነው፤ ቀሪው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ይደገማል። የዘይቱ ዓይነት ላይ ድርድር የለም። ዴክስሮን 6 የሚል ዴክስሮን 6፣ ቶዮታ ደብሊው ኤስ የሚል ደብሊው ኤስ ነው የሚፈልገው። ሲቪቲ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራው ካምቢዮ) ከሆነ የሲቪቲ ዘይት ብቻ! «ዕድሜ ልክ አይቀየርም» የሚለውንም አትመኑት። የማን ዕድሜ እንደሆነ አይናገርም።

የታችኛው የዘይት መያዣ ሲከፈት ማግኔቱን አሳዩኝ በሉ። እንደ ቅባት ያለ ደቃቅ ግራጫ ነገር ቢኖርበት የተለመደ ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ስብርባሪ ካለ ግን፣ አዎ፣ ያኔ ይውረድ።

ከወረደም ምን እንደገደለው ሳይታወቅ መልሶ መግጠም የለም። የማቀዝቀዣው መስመር ይታጠብ፤ የድሮው ስብርባሪ እዚያ ተደብቆ አዲሱን ይበላዋል። ኮንቨርተሩም አብሮ ይታይ። ያገለገለ ካምቢዮ ከገዛችሁ የሞዴሉ ስም አይበቃም፣ የካምቢዮው ኮድ ይመሳከር።

አንድ ነገር ላክል። ችግሩ ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚታይ ከሆነ መኪናዋን ማታ ጋራዥ አሳድሯት። ሞቃ ከደረሰች መካኒኩ ምንም አያገኝባትም። በሉ፣ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።