ቀድሞ ለደረሰ ቦታ እንልቀቅ፤ በአዳኞች ማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ አከም ጅርቱ፣ ነበድ። ከሀረር ከኤረር ከሺኒሌ ድረስ በጠዋት ተነስታችሁ ለመጣችሁ በተለይ በጣም ነው ምናመሰግነው፣ መንገዱንም የድሬን ሙቀትም እናውቀዋለን። ታላላቆቻችን ፊት ላይ ተቀምጣችሁ ሳያችሁ ደግሞ ደስ ብሎኛል ምክንያቱም ዛሬ ማወራው ነገር ከናንተ የተማርነው ነው፣ አሁን አሁን ግን እየጠፋብን ያለ ነገር ነው።

የስራ ሪፖርቱን ፀሐፊያችን ያቀርበዋል፣ የሂሳቡንም ሂሳብ ያዡ ይነግራችኋል፣ ስለዚ እኔ በሱ ጊዜ አልወስድም። እኔ ማወራው ስለ አንድ ነገር ነው፣ ሜዳ ላይ ስንገናኝ እንዴት ነው ምንተያየው ስለሚለው። ዘንድሮ ወደ ኮሚቴው የመጣውን ቅሬታ ስናየው አብዛኛው ስለ ፈቃድ አይደለም፣ ስለ ጠመንጃ አይደለም፣ ከአርብቶ አደር ጋር ስለመጋጨትም አይደለም። እርስ በርሳችን ነው። አባል በአባል ላይ ነው ሚያማርረው፣ ይሄ ደግሞ እኔን በግሌ በጣም አሳዝኖኛል።

አንዱን ልንገራችሁ፣ ስም አልጠራም። ከሺኒሌ ወዲያ ባለ አንድ ደረቅ ወንዝ ዳር ሁለት አባሎቻችን ገና ሳይነጋ ደርሰው ግራር ስር ተቀምጠዋል። ጅግራ ማታ ዛፍ ላይ ነው ምታድረው፣ ጎህ ሲቀድ እየተንጫጫች ትወርድና አሸዋው ላይ መሮጥ ትጀምራለች፣ ወርዳ እስክትበር ነው ሚጠብቁት። ዛፍ ላይ ተኝታ እያለች መምታት ነውር ስለሆነ ነው እንጂ ከላያቸው ነበረች። እንዲ ሆነው ሌላ መኪና መጣ፣ ረጅሙን መብራት አብርቶ፣ የነሱ መኪና ቆሞ እያየ እዛው አጠገቡ አቁሞ፣ በሩን ድርግም አርጎ ዘግቶ፣ ከዛ በነሱና በዛፉ መሀል እየተራመደ አለፈ። ጅግራዎቹ ሁሉም በአንዴ ተነሱና ሄዱ። ሲጠየቅ የመለሰው መልስ ምን መሰላችሁ፣ "መሬቱ የመንግስት ነው፣ ምን አገባህ?" ነው ያለው። እነዚህ ሰዎች ያንድ ሰፈር ልጆች ናቸው እኮ፣ ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት ነው ሚማሩት፣ እና ከዛን ቀን ጀምሮ ከዚራ ሰፈር ላይ ሲተላለፉ ሰላም አይባባሉም።

እስቲ "የመንግስት ነው" ሚለውን ነገር ቁጭ ብለን እንየው። ህገ መንግስቱ አንቀፅ 40 ላይ መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው ይላል፣ ልክ ነው። ግን ያ ሰውዬ ግማሹን ብቻ ነው ያነበበው። የህዝብ ነው ማለት ቀድሞህ የተቀመጠውም ሰው ህዝብ ነው ማለት ነው። እዛው አንቀፅ ላይ ዝቅ ብትሉ ደግሞ አርብቶ አደሩ ለግጦሽም ለእርሻም መሬት በነፃ የማግኘትና ካለበት ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል። እና መሬቱ ላይ የመጨረሻ መጤ ማን እንደሆነ ስታስቡት እኛ ነን። ከከተማ መኪና አስነስተን፣ ጠዋት ደርሰን ከሰአት ምንመለስ እኛ ነን።

በሌላ በኩል ደግሞ "ይሄ ቦታ ካባቴ ጀምሮ የኔ ነው" ሚል አባልም አለን። ይሄም አያስኬድም። በመቅደም ከሆነ ከከተማችን በስተደቡብ ጋራው ላይ ያለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁላችንንም ይቀድሙናል፣ የዛሬ 40 ሺህ አመት አካባቢ ትተውት የሄዱት ከ4 ሺህ በላይ የቀይ አፈር ቁርጥራጭ በቁፋሮ ተገኝቷል፣ የድንጋይ መሳሪያቸውም የበሉት አውሬ አጥንትም እዛው ነው የተገኘው። ስለዚ ማንም ለዘላለም የኔ ነው አይልም። ግን ዛሬ ጠዋት ቀድሞ የደረሰ ሰው፣ ያቺ ጠዋት የሱ ናት። በቃ፣ ኮሚቴው የተስማማበት ይሄ ነው፣ ታላላቆቻችንም ሲያደርጉት የኖሩት ይሄንኑ ነው።

በተግባር ሲታይ ከባድ ነገር አይደለም። የቆመ መኪና ካየህ ሰው አለ ማለት ነው፣ መብራትህን ቀንስና እለፍ፣ ወደ ሚቀጥለው ወንዝ ሂድ። የግድ እዛው አካባቢ መሆን ካለብህ ደውል፣ ኔትወርክ ከሌለ በእግርህ ከኋላው በኩል ሄደህ አነጋግረው፣ በየት በኩል ልሁን በለው፣ እሱ ይንገርህ። ቀድሞ የደረሰው ደግሞ ሲጠየቅ አይኮራ፣ ሸለቆውን ሙሉ አይያዝ፣ "አንተ በዛ በኩል ሁን እኔ ከዚች ድንጋይ ወዲያ አልተኩስም" ይበል። አምስት ደቂቃ ሚፈጅ ነገር ነው።

ይሄን ምለው ለጨዋነት ብቻ ብዬ አይደለም፣ የሰው ህይወት ስላለበት ነው። የወፍ ጥይት ውስጥ ያሉት ትናንሽ የእርሳስ ፍሬዎች ጅግራ ሚጥሉት 35፣ ቢበዛ 40 ሜትር ላይ ነው። ብዙ ሰው ከዛ በኋላ ያለቀላቸው ይመስለዋል፣ ግን ከፍ ተደርጎ ከተተኮሰ ከ200 ሜትር በላይ ይሄዳሉ፣ እዛ ርቀት ላይ ሰው ባይገድሉም አይን ላይ ካረፉ አይን ያጠፋሉ። የጠመንጃ ጥይት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ኪሎሜትሮች ነው ሚሄደው። በዛ ላይ ፕሮሶፒስ ሚባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ ቆላውን ሞልቶታል፣ ድሮ ግራርና አሸዋ ብቻ የነበረበት ቦታ አሁን እሾህ ብቻ ሆኗል፣ ውስጡ ሰው ቆሞ ሀያ እርምጃ ላይ ላታየው ትችላለህ። ስለዚ ጓደኛህ የት እንዳለ ሳታውቅ አፈሙዝህን ወደ ቁጥቋጦ እንዳታዞር። ጅግራ መሬት ላይ ስትሮጥ መተኮስም ለዚህ ነው ሚከለከለው፣ ቀና ብላ ስትበር ከኋላዋ ሰማይ ነው ያለው፣ ስትሮጥ ግን ከኋላዋ ምን እንዳለ አታውቅም፣ ፍየል ሚጠብቅ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ፍየል ጠባቂውን ካነሳሁ አይቀር። አንዳንድ አዲስ አባላት መኪና ካቆሙ በኋላ ቀጥ ብለው ወደ ጫካ ነው ሚገቡት፣ መንደሩን ሰላም አይሉም። ይሄ በጣም ነውር ነው። መጀመሪያ ሽማግሌውን ትፈልጋለህ፣ በቋንቋው ሰላም ትላለህ፣ አትችልም እንኳን ቢሆን ሁለት ቃል ሞክር፣ ሻይ ቢሉህ ቁጭ ብለህ ጠጣ፣ ለምን እንደመጣህ ንገራቸው፣ ፈቃድህን አሳያቸው፣ ዛሬ ከብቱ በየት በኩል እንደወጣ ጠይቅ። ያው ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ 541/1999 የተከለከለ እንደሆነ፣ መሳሪያውም በአዋጅ 1177/2012 ፈቃድ እንደሚፈልግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ፈቃድ የሌለው ሰው ከኛ ጋር አይወጣም፣ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ግን ወረቀቱ ካልተናገርክ ዋጋ የለውም። በኛ አካባቢ የተኩስ ድምፅ ሰውን ምን እንደሚያስታውሰው ታውቃላችሁ፣ ስንት እናት ናት በዛ ድምፅ ልጇን አንጠልጥላ የሮጠችው። ሳትናገር አንድ ጥይት ብትተኩስ አንድ ቀበሌ ሙሉ ተደናግጦ ሊወጣ ይችላል። ተናግረህ ከተኮስክ ግን ልጆቹ ራሳቸው መጥተው ጅግራዋ በየት እንደሄደች ያሳዩሃል።

ውሻ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ አደራ። ውሻችሁን ሰው ከሚጠጣበት ቢርካ አርቁ። ያ ውሃ ከዝናብ የተጠራቀመ ነው፣ እስከሚቀጥለው ዝናብ መንደሩም ግመሉም ፍየሉም የሚጠጡት እሱን ነው፣ ውሻ ምላሱን የነከረበት ውሃ ደግሞ ለሙስሊም ወገናችን ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ለውሻህ ከቤት በጄሪካን ውሃ ያዝ፣ ጎድጓዳ ሳህን ያዝ፣ መኪናው ጋር አጠጣው። ውሃ ዳር ቁጭ ብሎ ለመጠጣት ሚመጣውን አውሬ መጠበቅም ቢሆን እኔ አልወደውም። ውሃ ሚፈልግ አውሬ በበጋ ሌላ ሚሄድበት የለውም፣ ጠምቶት የመጣን እንስሳ መምታት አደን አይባልም።

አሁን ወደ ትልቁ ጭቅጭቅ ልምጣ፣ "የማን ናት?" ወደሚለው። ድሮ ትልቅ አውሬ ሲታደን ክብሩን ይወስድ የነበረው ቀድሞ ያቆሰለው ሰው ነው ሲሉ ከአባቶች ሰምተናል፣ ደም ያየ ማለት ነው። በወፍ ጥይት ግን ሁለት ሰው እኩል ተኩሶ አንዲት ቆቅ ስትወድቅ ማን እንደመታት ማንም አያውቅም። ስለዚ ኮሚቴው ያየው እንዲ ነው፣ በማን በኩል ከበረረች የሱ ናት፣ መሀል ላይ ከሆነች ለታላቅ ይሰጣል፣ እድሜ እኩል ከሆነ ለእንግዳው። ቆስላ ወደ ሌላ ሰው ክልል የገባች ከሆነ ደግሞ ያቆሰለው ጠመንጃውን ክፍት አርጎ፣ ጥይት አውጥቶ፣ ድምፁን አሰምቶ ይሄዳል፣ ያኛውም ተኩስ ያቆማል፣ ሁለቱም ይፈልጓታል። ቆስሎ የቀረን እንስሳ ሳይፈልጉ ወደ ሌላ አደን መሄድ የለም፣ ቀኑን ሙሉ ቢፈጅም።

ሌላው የኛ የድሬና የሀረር ልጆች ብቻ በደንብ ሚገባን ነገር አለ፣ እሱም ቢላው ነው። አብረን ምንወጣው ክርስቲያንም ሙስሊምም ሆነን ነው፣ ይሄ ደግሞ የማህበራችን ውበት ነው፣ ማንም እንዲነካብን አልፈልግም። ጅግራ ወድቃ ገና ነፍስ እያላት አንዱ ሮጦ ሲያርዳት ያኔ የማን ምሳ እንደሆነች አበቃለት ማለት ነው፣ በስመ አብ ብሎ ያረደውን ያኛው አይበላም፣ ቢስሚላህ ብሎ ያረደውን ይሄኛው አይበላም። ስለዚ ማለዳ ሳትወጡ ተነጋገሩ። የማን ቤት ነው ሚወሰደው፣ ማነው ሚያርደው፣ ለመንደሩ ሽማግሌ ምንሰጠውን ማን ይረደው? አንድ የማደንቀው ቡድን አለ፣ ሁለት ከረጢት ይይዛሉ፣ አንዱ ላይ ቀይ ክር አስረውበታል፣ ወፎቹ ከታረዱበት ጊዜ ጀምሮ አይቀላቀሉም፣ ማታ ቤት ሲደርሱ ማንም ሚስቱ ፊት አያፍርም። በፆም ወራት ደግሞ ስጋውን ሚበላው ቤት ሳይኖር አለመውጣት ነው። ከርከሮማ ጭራሽ አንነካም፣ ሁለታችንም አንበላውም፣ ለምን እንገለዋለን?

ዝናብ ሲጥል ጅግራዎቹ ከመንጋው ተለይተው ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፣ ያኔ እንቁላል ላይ ናቸው፣ ተዉአቸው። ባቢሌ የዝሆን መጠለያ ደግሞ ከ1962 ጀምሮ የተከለለ ነው፣ ወደ 7 ሺህ ካሬ ኪሎሜትር ነው፣ በጎበሌም በኤረር ወንዝም በዳካታም በኩል ድንበሩን ሳታውቁ እዛ አካባቢ ጠመንጃ ይዛችሁ አትዙሩ። አንድ አባል እዛ ቢገኝ ሚጠየቀው እሱ ብቻ አይደለም፣ እዚህ የተቀመጥነው ሁሉ ነን።

ስለ ስልክም ልበል። ጥሩ ቦታ ያገኘ ሰው ፎቶ አንስቶ ቲክቶክ ላይ ከነሎኬሽኑ ይለቀዋል፣ በሳምንቱ ማናውቃቸው መኪኖች እዛ ይደረደራሉ፣ ቀለሃውን ፕላስቲኩን ጥለው ይሄዳሉ፣ መንደሩ ደግሞ እኛን ነው ሚወቅሰው ምክንያቱም ሚያውቀው እኛን ነው። ቦታ ያሳየህ ሰው አምኖህ ነው ያሳየህ፣ ሳታስፈቅደው ለሌላ አታሳይ። የሞተ አውሬ ላይ እግር ሰቅሎ ፎቶ መነሳትም ይቅርብን፣ እኔ ልጆቼ እንዲያዩት አልፈልግም። ቀለሃችሁን ደግሞ ልቀሙ፣ የራሳችሁን ብቻ ሳይሆን ያገኛችሁትን በሙሉ። የወፉን ሆድ እቃም ሜዳ ላይ አትተዉ፣ የእርሳሱን ፍሬ ጥንብ አንሳው አብሮ ይውጠዋል፣ እርሳስ ደግሞ ወፍን ይመርዛል፣ ቆፍራችሁ ቅበሩት።

አሁን ለድምፅ ማቀርበው ሀሳብ አለኝ። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ፣ ዋናው ላይ ሳይሆን አባላት ብቻ ያሉበት አዲስ ግሩፕ ከፍተን፣ ሚወጣ ሰው ሁሉ በዋዜማው እስከ ምሽቱ ሁለት ሰአት ድረስ የት እንደሚሄድ፣ ስንት ሰው እንደሚሆኑና የመኪናውን ቀለም ይፃፍ። ቀድሞ የፃፈ ቀድሞ እንደደረሰ ይቆጠራል። ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ያሉ አባላት በስልክ ለፀሐፊያችን ይናገሩ፣ እሱ ይፅፍላቸዋል። ሲመለሱ ደግሞ "ተመልሰናል" ብለው ይፃፉ፣ እስከ ምሽት ካልፃፉ ሚፈልጋቸው ሰው ይኖራል። ይሄን ተላልፎ ሰው ላይ የገባ አባል መጀመሪያ በሽማግሌ ይመከራል፣ ቢደግም ለአንድ የበጋ ወቅት ከማህበሩ ጋር አይወጣም። ቅጣቱ ይጠናል ይበዛል ሚል ሀሳብ ካለ እንወያይበታለን።

ቅድም ያነሳኋቸው ሶስቱ ወንድሞቻችን ዛሬ ሶስቱም እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። ታላላቆቻችን በምሳ ሰአት ጓሮው ዛፍ ስር ቁጭ ብለው ይጠብቋቸዋል፣ ሶስቱም እንዲሄዱ በማህበሩ ስም እጠይቃለሁ። አሁን ፀሐፊያችን ሪፖርቱን ያቀርባል፣ ከሱ ቀጥሎ ድምፅ እንሰጣለን፣ ፎርሙ ያልደረሳችሁ እጃችሁን አውጡ።