ናኖ ፊዚክስ፣ ጤፍ እና ደሞዝ

እንዴት ናችሁ! የዛሬው ስለ ናኖ ፊዚክስ ፒኤችዲ ነው። መጀመሪያ ግን ጤፍ። አዎ፣ ጤፍ።

አንዲት የጤፍ ፍሬ ወደ 1 ሚሊሜትር ትጠጋለች። ናኖሜትር ደግሞ የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ስትሰሙ "እሺ፣ ትንሽ ነገር ነው" ብላችሁ ታልፋላችሁ። አትለፉ! እስቲ አንዷን ናኖሜትር እናሳድጋት፣ እናሳድጋት፣ የጤፍ ፍሬ እስክታክል። ጤፏንም በዚያው ልክ እናሳድግ። ስንት ሆነች? አንድ ኪሎሜትር! አንድ ጫፏ አራት ኪሎ፣ ሌላው ጫፏ ስድስት ኪሎ አካባቢ። አንዲት ጤፍ ናት እንግዲህ! አንድ የፀጉር ዘለላ 80 ሜትር ገደማ ይወፍራል። እንጀራውማ... ግማሽ ሜትር የነበረው 500 ኪሎሜትር ሆነ። ከአዲስ አበባ ብትዘረጉት ጎንደርን አልፎ ይሄዳል። ምጣዱን ከየት እናመጣለን?

በሉ ወደ ቁም ነገሩ። በናኖሜትር መጠን የቁስ ጠባይ ይለወጣል። ኤሌክትሮኑ ቦታ ሲጠበው የኃይል ደረጃዎቹ ይራራቃሉ፤ ኳንተም ተምራችኋል፣ አልደግመውም። ደረጃዎቹ በተራራቁ ቁጥር የሚወጣው ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል። ስለዚህ ያው አንድ ቁስ ቅንጣቱ ሲያንስ ወደ ሰማያዊ፣ ሲተልቅ ወደ ቀይ ያበራል። ኳንተም ዶት የሚባለው ይሄ ነው፤ የ2023 የኬሚስትሪ ኖቤልም የተሰጠው ለዚሁ ነው። አለቀ።

አሁን ሁሌ የምትጠይቁኝ ጥያቄ። "የሆላንድ ፒኤችዲ ክፍያው ስንት ነው?"

ክፍያው አለ። ከፋዮቹ ግን እነሱ ናቸው! ስንቴ ልበላችሁ? ለምሳሌ ዴልፍት ከተማ፣ በቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ የካቭሊ ናኖሳይንስ ተቋም አለ። እዚያ ፒኤችዲ የሚሠራ ሰው በአብዛኛው ተቀጣሪ ነው። ውል ይፈርማል፣ በየወሩ ደሞዝ ይወስዳል፣ ግብርም ይቆረጥበታል። ብዙውን ጊዜ 4 ዓመት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን "ይቀጥል ወይስ ይብቃው?" ተብሎ ይገመገማል። እኔንም አንድ ደላላ "የፒኤችዲ መመዝገቢያ" ብሎ ብር ጠይቆኝ ያውቃል። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ሥራ ከሆነ ደግሞ የሚፈለገው እንደ ሥራ ነው። ስኮላርሺፕ ስኮላርሺፕ እያላችሁ አትዙሩ፤ የዩኒቨርሲቲውን የክፍት ሥራ ቦታ ገጽ ክፈቱ። ማስተርስ ይጠየቃል። ሲቪ፣ የማመልከቻ ደብዳቤ፣ ስለ እናንተ የሚመሰክሩ መምህራን። ደብዳቤውን እባካችሁ "ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ" ብላችሁ አትጀምሩ። ሁሉም ይወዳል! በየትኛው መሣሪያ ምን ለካችሁ? ምን ኮድ ጻፋችሁ? የተበላሸ ነገር ጠግናችሁ ታውቃላችሁ? እሱን ጻፉ። ቤተ ሙከራ ውስጥ መሣሪያ መበላሸቱ አይቀርማ።

አንድ ሌላ በር ደግሞ አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኪዩሪ ዶክትሬት ኔትወርክ፣ ፒኤችዲ ሠሪዎችን በተለያዩ አገሮች የሚያስቀጥር ፕሮግራም። ሕጉ እንዲህ ነው። ከመቀጠራችሁ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ፣ በምትቀጠሩበት አገር ከ12 ወር በላይ ኖራችሁ መሆን የለበትም። ስለዚህ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ጀርመን የኖርከው ወንድሜ፣ የጀርመኑ ቦታ ለአንተ አይሆንም፤ የሆላንዱን ሞክር። አዲስ አበባ ያላችሁት ግን በዚህ ሕግ የሚዘጋባችሁ አገር የለም። ለአንዴ እንኳ ከአገር አለመውጣት ጠቀመን!

ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ። ማመልከቻውን ከላካችሁ በኋላ ግን።