«ስንት አስቀጣህ?»

የተከበራችሁ የዐቃብያነ ሕግ ማኅበራችን አባላት፣ የተጋበዛችሁ ዳኞችና ጠበቆች፣ እንደምን አደራችሁ። የሜክሲኮን መንገድ ታግላችሁ በሰዓቱ ስለደረሳችሁ አመሰግናለሁ። ችሎትም እንዲህ በሰዓቱ ቢጀመር!

የመዋጮውን ጉዳይ ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። የዐቃቤ ሕግ ሥራ ሲመዘን ዓይን የሚያርፈው ከከሰሳቸው ስንቱን አስቀጣ በሚለው፣ በማስቀጣት ምጣኔው ላይ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጎበዝ ነህ። ተከሳሹ በነጻ ከተሰናበተ «ተሸነፍክ» ትባላለህ። በማን ነው የተሸነፍነው?

እንዲህ የሚመዘን ሰው ልደታ ችሎት ቆሞ ምስክሩ ሲዘባርቅ እየሰማ ክሱን ሙጥኝ ይላል። ከፖሊስ መዝገቡ ውስጥ ለተከሳሹ የሚጠቅም ወረቀት ቢያገኝ፣ «ጠበቃው ይፈልገው» ብሎ ያልፋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት ሰጥቶታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የሚጎዳውን አሳይቶ የሚጠቅመውን መሸሸግ ይህን መብት መሸራረፍ ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 42 ለማስፈረድ የሚበቃ ማስረጃ ከሌለ ክስ አይቀርብም ይላል። ማንበቡ ቀላል ነው። የተበዳይ ቤተሰብ በር ላይ እያለቀሰ፣ አለቃ እየደወለ፣ ፌስቡክ ፍርዱን ጨርሶ ሳለ «አያስከስስም» ብሎ መፈረም ግን ወኔ ይጠይቃል። ያለ ማስረጃ የተከሰሰ ሰው ኋላ ነጻ ቢባልም፣ እስከዚያው ሥራውንም ስሙንም አጥቷል። ተበዳዩም አልተካሰም፤ እውነተኛው አጥፊ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል።

በድብደባ ስለተገኘ ቃልማ ብዙ አልልም። በ1990 እ.ኤ.አ. ሃቫና ላይ የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የዐቃብያነ ሕግ መመሪያ እንዲህ ያለውን ማስረጃ አትጠቀሙ፣ ደብዳቢውም ለፍርድ እንዲቀርብ አድርጉ ይላል። ሁለተኛውን ነገር ስንቶቻችን አድርገናል?

ሥራ አስፈጻሚው አንድ ሐሳብ ይዟል። በበቂ ምክንያት የተዘጋ መዝገብ በምዘና ቅጹ ላይ እንደ ሥራ ይቆጠር፤ የማስቀጣት ምጣኔ ብቻውን መለኪያ አይሁን። ከሻይ በኋላ እንከራከርበታለን። ጠበቆች፣ እናንተም ሳትሳሱ ተናገሩ፤ ጉድለታችንን ከኛ ይልቅ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ከተስማማን ሐሳቡን በጽሑፍ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እናስገባለን።

ጉባኤው ተከፍቷል።