ተራራ ነው፣ እማዬ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላጫውታችሁ የፈለግኩት ስለ አንድ የልጅነት የኮምፒውተር ጌም ነው፤ ጭራቅ ስለሚገደልበት ስለ ዲያብሎ።

እናቴ ስሙን ስትሰማ አማተበች። አልፈርድባትም፣ በእኛ ቋንቋ የጎደለው አንድ «ስ» ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ የተዋሰውን ሲዲ መሳቢያ ውስጥ ደበቀው፤ እሷ ቅዳሴ ስትሄድ ነበር የምናወጣው። ያኔ ማውስ ሆዱ ውስጥ ኳስ ነበረው። አልንቀሳቀስ ሲል ወንድሜ ይከፍትና በውስጡ የተጠመጠመውን ቆሻሻ በጥፍሩ ይፍቃል፣ እኔ ኳሷን በቀሚሴ እጠርጋለሁ። ዲያብሎ ማውስ ይጨርሳል። ክሊክ፣ ክሊክ፣ ክሊክ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ለካስ መጀመሪያ የታሰበው እንደዚያ አልነበረም! ጌሙን የጠነሰሰው ዴቪድ ብሬቪክ እንደ ቼዝ በተራ የሚሄድ አድርጎ ነበር የጀመረው። እናንተ አንድ እርምጃ፣ ጭራቁ አንድ እርምጃ። ጌሙን የሚያሳትመው ኩባንያ፣ የብሊዛርድ ሰዎች፣ ተራ መጠበቁ ይቅር ሲሉት እምቢ አለ። ባልደረቦቹን ድምፅ አሰጠ፣ ተሸነፈ። ለብሊዛርድ ደውሎ ሥራው ረጅም ጊዜ እንደሚወስድ፣ ተጨማሪ ክፍያም እንደሚያስፈልግ ነገራቸው። ከዚያ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቁጭ አለና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨረሰው።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ነገር አለ። ተራውን አላጠፋውም። በሰከንድ 20 ጊዜ እንዲመላለስ አደረገው እንጂ! እኛ ወንድምና እህት ትንፋሽ አጥሮን ስንጫወት፣ ከሥር ያው የቼዙ ተራ ነበር የሚሄደው። ብሬቪክ ራሱ እንደሚያወራው፣ ጌሙ ውስጥ ጠላት የሆነውን አጽም ክሊክ ሲያደርግ የእሱ ጦረኛ ሄዶ አደቀቀው፤ ተራ አለመጠበቁ እንደሚሻል ያኔ ገባው።

ጌሙ በፈረንጆቹ 1996 መጨረሻ ወጣ። ጌሙ ውስጥ ትሪስትረም የምትባለው መንደር ዳር ላሞች ቆመዋል። ደጋግማችሁ ክሊክ ብታደርጓቸው የተደበቀ ደረጃ፣ ማለትም ሌላ የጌሙ ክፍል፣ ይከፈታል የሚል ወሬ ዓለምን አዳረሰ፣ እኛም ሰፈር ደረሰ። ወንድሜ ስንት ቀን እንደለፋ! ላሟ «እምቧ» ከማለት አላለፈችም። ወሬው ውሸት ነበር። ብሊዛርድ በ1998 ባወጣው ስታርክራፍት በሚባል ሌላ ጌም ውስጥ «የላም ደረጃ የሚባል የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር የማጭበርበሪያ ኮድ፣ ማለትም ተጫዋቹ ሲጽፈው ሳይለፋ የሚያሸንፍበት ቃል፣ አድርጎ አስገባ። በ2000 ዲያብሎ 2 ሲወጣ ግን ደረጃው አለ። በሁለት እግራቸው የቆሙ፣ ዘንጉ ረጅም የሆነ መሣሪያ የያዙ ላሞች ከየአቅጣጫው ይመጡባችኋል።

ሰው ሁሉ ስለ ላሞቹ ነው የሚያወራው። እኔን የሚያሳዝነኝ መክፈቻው ነው። በመጀመሪያው ጌም ዊርት የሚባል የእንጨት እግር ያለው ልጅ ነበር፤ ዕቃውን ለማየት ብቻ 50 ወርቅ ያስከፍላል። ስንት ቀን አናደደን። በሁለተኛው መንደሯ ነድዳ፣ ልጁ ሞቶ ታገኙታላችሁ። ወደ ላሞቹ የሚያስገባው በር የሚከፈተው በዚያ የእንጨት እግር ነው። ያን ቀን ወንድሜ ማውሱን ለቀቀና ዝም አለ።

ባለፈው ሳምንት ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ ያ ጌም እኮ የተራራ ስም ነው» አልኳት። እውነት ነው፤ ብሬቪክ በወጣትነቱ የኖረው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ዲያብሎ ተራራ ሥር ነው። «ተራራውንስ ማን በዚህ ስም ጠራው?» አለችኝ። ዘጋሁና አነበብኩ፣ መልሼ ደወልኩ። በ1805 የስፔን ወታደሮች ከሚስዮን የሸሹ የአገሩን ተወላጆች እያሳደዱ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ከበቧቸው። ሲነጋ ማንም የለም። ወታደሮቹ ቦታውን «ሞንቴ ዴል ዲያብሎ» አሉት። «ሞንቴ» በስፔንኛ ጥሻም ተራራም ይሆናል፤ ኋላ የመጡት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ተራራ መሰላቸውና ስሙን ለተራራው ሰጡት።

እናቴ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ሰማችኝ።

«የሸሹትስ?» አለች።

«አምልጠዋል፣ እማዬ። በሌሊት።»

«እሰይ!»