ትሉ ሲሞት የሚጀምረው ጣጣ

እንደምን አመሻችሁ፣ ክቡራትና ክቡራን።

ስለ ትል ለማውራት ሰው ሰብስቦ ማስቀመጥ ድፍረት ይጠይቃል። እራት ያልበላችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ።

የኮሶ ትል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንጀት ውስጥ ያለውን ረጅሙን ትል ነው። እሱን ማስወጣት ብዙም አያስቸግርም። አብዛኛውን ጊዜ አንዴ የሚዋጥ መድኃኒት ይበቃዋል። እኔ የመጣሁት ስለ እጩ፣ ገና ትል ሆኖ ስላላደገው ልጁ ላወራ ነው። እጩ ከደም ጋር ተጉዞ ጉበት፣ ሳንባ፣ ጡንቻ፣ ዓይን፣ አልፎም አንጎል ውስጥ ይሰፍራል። እዚያ በፈሳሽ የተሞላ ከረጢት ይሆንና ይደላደላል። ሲስት የምንለው ይህንን ነው።

አንድ የሚያደናግር ነገር ላጥራ። በደንብ ያልበሰለ የአሳማ ሥጋ የበላ ሰው የሚይዘው ትልቁ ትል ነው። እጩ የሚመጣው ግን ከሰው ሰገራ ጋር የወጣ እንቁላል በእጅ፣ በምግብ ወይም በውሃ ሲዋጥ ነው። ስለዚህ አሳማ ቀምሶ የማያውቅ ሰው አንጎል ውስጥም ሊገኝ ይችላል። ይህን ስንነግራቸው የሚቆጡን ታካሚዎች አሉ። አልፈርድባቸውም።

የአንጎሉ በሽታ ኒውሮሲስቲሰርኮሲስ ይባላል። ስሙ ምላስ ያስራል። በሽታው በተስፋፋባቸው ብዙ አካባቢዎች ከሚጥል በሽታ 30 በመቶ ያህሉ መነሻው ይህ ትል እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። በኤምአርአይ ስታዩት ጥቁር ክብ ነገር ነው፤ ውስጡ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። ነጥቧ የትሉ ራስ ናት።

ይህ ከረጢት በሕይወት እያለ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊቀመጥ ይችላል። የሰውነታችንን መከላከያ ማታለል ያውቅበታል። ጣጣው የሚጀምረው ሲሞት ነው። ያኔ ሰውነት ይነቃል፣ ዙሪያው ያብጣል። የራስ ቅል ደግሞ አጥንት ነው፤ እብጠቱ መሄጃ የለውም። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ ይከተላል።

አሁን መድኃኒቱን አስቡት። በተፈጥሮ አንድ በአንድ ይሞቱ የነበሩትን በጥቂት ቀናት ውስጥ ባንዴ ይገድላቸዋል። ለዚህ ነው ትል ገዳዩ ከመጀመሩ በፊት እብጠት የሚያስታግስ ስቴሮይድ የምንሰጠው። የሚንቀጠቀጥ ታካሚ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መንቀጥቀጡን እናቆማለን። ትሉን መግደል መቼም ቢሆን የድንገተኛ ክፍል ሥራ አይደለም። ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ከጨመረ ትል ገዳይ ጭራሽ አይሰጥም፤ ግፊቱ ይቅደም። ዓይንም አስቀድሞ ይታያል። ዓይን ውስጥ የተቀመጠ ሲስት ሲሞት ብርሃን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

የትል ገዳዮቹን መጠን ልንገራችሁ። አልቤንዳዞል በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 15 ሚሊግራም፣ ለ2 ተከፍሎ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ሕያው ሲስቶቹ ከ2 ከበለጡ ፕራዚኳንቴል ይጨመራል፤ በኪሎ 50 ሚሊግራም በቀን። ይህን ሰምቶ ራሱን ማከም የሚያምረው ካለ፣ ስለ እብጠቱ ያልኩትን ያስታውስልኝ።

በነገራችን ላይ አልቤንዳዞል በባዶ ሆድ ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ግን እስከ 5 እጥፍ ይጨምራል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ታካሚውን ቁጭ አድርጎ የሚነግረው ሰው የለም። ፕራዚኳንቴልም የራሱ አመል አለው። እንደ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ያሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በደም ውስጥ ያለውን መጠን ይቀንሱታል። እንግዲህ ታካሚው ሁለቱንም ነው የሚፈልገው!

ወደ ጉበት እንውረድ። እዚህ ያለው ሌላ ትል ነው፤ ከውሻ የሚመጣው። ሲስቱ ሃይዳቲድ ይባላል፣ በዝግታ ያድጋል። ሕክምናው የሚወሰነው አልትራሳውንድ ላይ በሚታየው መልኩ ነው። ከ5 ሴንቲሜትር በታች ሆኖ ውስጡ ያልተከፋፈለ ከሆነ አልቤንዳዞል ብቻውን ሊበቃ ይችላል። 400 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ፣ ከ3 እስከ 6 ወር። ይህን ያህል ጊዜ ሲወሰድ ጉበትና ነጭ የደም ሴሎች በምርመራ መከታተል የግድ ነው። ትልቅ ከሆነ በመርፌ ይቀዳል ወይም በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ያኔም መድኃኒቱ ከፊትም ከኋላም አብሮ ይሄዳል። ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ አዳዲስ ሲስቶችን ይዘራል፤ ሕይወት የሚያሰጋ አለርጂም ሊያስነሳ ይችላል።

ከቀበሮ የሚመጣው ዝርያ ይብሳል። ጉበት ውስጥ እንደ ካንሰር ሥር እየሰደደ ይሄዳል። በቀዶ ሕክምና ቢወጣም ቢያንስ 2 ዓመት አልቤንዳዞል አለ። ማውጣት ካልተቻለ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው። እዚያ መድኃኒቱ ትሉን ይይዘዋል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይገድለውም።

አንዲት እናት ለሚጥል በሽታ ክትትል መጥታ ሲቲ ስካኗን አብረን አየን። አንጎሏ ውስጥ እንደ ሩዝ ፍሬ ያለች ነጭ ነገር ነበረች። ሞቶ የደረቀ፣ ካልሲየም የሆነ ሲስት። የትል መድኃኒት እንደማልሰጣት ስነግራት ደነገጠች።

«ልጄ፣ ትሉ አለ እያልከኝ?»

«ሞቷል እማማ። የሞተ ምን ይደረጋል?»

«ታዲያ እዚያው ሊቀመጥ ነው?»

ይቀመጣል። ጠባሳው ግን አሁንም ሊያንቀጠቅጣት ስለሚችል የሚጥል በሽታ መድኃኒቷን ቀጥላለች። የትል ኪኒን አልጻፍኩላትም።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ ማይኩ ይዞርላችኋል።