ለኬኔዲ የተቀቀለ ንፍሮ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ጉሮሮዬም ትንሽ ይዞኛል፣ ታገሡኝ።

ሰሞኑን የልጅ ልጄ በስልኳ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። የኬኔዲ ቀብር ነው። ከፊት ረድፍ ያ ረጅሙ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ደጎል አሉ። ከእሳቸው ጎን ደግሞ አጠር ያሉ ሰው፣ ደረታቸው ሙሉ ኒሻን። «አያዬ፣ እኚህ ጃንሆይ ናቸው እንዴ? እዚያ ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ። ልነግራት ጀመርኩና ነገሩ ረዘመብኝ። እሷ መሃል ላይ ተነስታ ሄደች። እናንተ ግን ትሰሙኛላችሁ ብዬ ነው።

ያኔ 13 ዓመቴ ነው። ሰፈራችን ጉለሌ። ቀኑ ኅዳር 12፣ 1956፣ ዓርብ። ኅዳር ሚካኤል ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይቺን ቀን ያውቃታል፣ ኅዳር የሚታጠንባት ቀን ናት። በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ከተማው በጭስ ይታፈናል። ነገሩ የመጣው ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ነው። እናቴ ያኔ የ6 ዓመት ልጅ ነበረች፣ አባቷን የወሰደባት ያ በሽታ ነው። «አልቃሽ እንኳ አላገኘም» ትለን ነበር። ሰው ሁሉ ተኝቷል፣ ቀባሪም ጠፍቷል።

ለዚህ ይሁን ለሌላ አላውቅም፣ እናቴ ልቅሶ ቀርታ አታውቅም። የማታውቀው ሰው ቢሆንም ድንኳን ካየች ትገባለች። አባቴ «ይቺ ሴትዮ የከተማውን ሬሳ ሁሉ ካልሸኘች እንቅልፍ አይወስዳትም» እያለ ይስቅባት ነበር።

እና ያን ምሽት እኛ ልጆች እሳቱን እየዘለልን እንጫወታለን። ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ ሁሉም ነገር ጭስ ጭስ ይላል። ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በእኛ ሰዓት ማለቴ ነው፣ ዳላስ ውስጥ ጥይቱ ተተኮሰ። እዚያ ገና ቀትር ነው። እኛ ቤት የተሰማው በነጋታው ቅዳሜ ከጎረቤት ሬድዮ ነው። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ነው፣ ስለዚህ ምስል የሚባል ነገር የለም። ወሬ ብቻ።

ኬኔዲ ለእኛ ባዳ አልነበረም። መስከረም 20 ጃንሆይ ዋሽንግተን ሲደርሱ ከሚስቱ ጋር ባቡር ጣቢያ ድረስ ወጥቶ ተቀብሏቸዋል። ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። ደግሞ ትምህርት ቤታችን ውስጥ «የእሱ ልጅ» ነበረ። ፒስ ኮር ነው፣ እንግሊዝኛ ያስተምረናል። ኬኔዲ ካቋቋመው ድርጅት ወደ 300 የሚጠጉ ወጣቶች ከዓመት በፊት መጥተው በየትምህርት ቤቱ ተበትነዋል። የእኛው ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ጆሮው የሚቀላ ልጅ ነበር።

ሰኞ ዕለት ክፍል ገባ። ቀኑን በሰሌዳው ላይ ጻፈ። ከዚያ መዞር አቃተው። ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ሃምሳ ምናምን ተማሪ ነን፣ ዝንብ ሲበር ይሰማል። ትልቅ ሰው፣ ያውም ፈረንጅ፣ ያውም አስተማሪ ሲያለቅስ አይተን አናውቅማ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሰው አለው?» የለውም አልኳት። ቤት ተከራይቶ ብቻውን ነው የሚኖረው። በቃ። የገና ጾም የገባው የዚያን ዕለት ነው። ስንዴና ሽንብራ ጣደች። ሦስት ጎረቤቶቿን ጠራች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እኔን አስተርጓሚ አድርገው ሄዱ። የዕድሩን ድንኳን መትከል ብቻ ነው የቀራቸው።

በሩን ሲከፍት ፊቱ ላይ ያየሁትን እስከዛሬ አልረሳውም። ሴቶቹ ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ዝም። እሱም ዝም። ንፍሮውን ዘረጉለት፣ አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቱ አንስቶ ይዟት ቀረ። እናቴ «ወንድሙ ነው ወይ በለው» አለችኝ። አይደለም አለ። «አጎቱ ነው?» አይደለም። በዓይኑም አይቶት እንደማያውቅ ነገረኝ። ተረጎምኩላት።

«እኛስ የት እናውቀዋለን» አለች እናቴ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። የምሯን። ሌሎቹም ተከተሉ። ልጁም ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ስንወጣ «እግዜር ያጽናህ» አሉት። መልሱን አያውቅማ፣ እንደሰማው አድርጎ «እግዜር ያጽናህ» አላቸው። አንዷ መንገድ ላይ ይህን እያስታወሰች ስትስቅ፣ እናቴ ተቆጣቻት።

ኬኔዲ የተቀበረው የዚያኑ ቀን ነው። ጃንሆይ ከአስከሬኑ ኋላ በእግራቸው ሄደዋል። ፎቶው የዚያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ሌላው ልሂድ። ሻይዬም ቀዘቀዘ።

ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው «ኬኔዲ»ን ያውቃል። ቤተ መጻሕፍቱን ማለቴ ነው። «የት ነበርክ?» «ኬኔዲ።» ሰውየው ሰው መሆኑንም ረስተነው ነበር። እኔም ያኔ ሰልፈኛ ነኝ። መሬት ለአራሹ ብዬ ጮኬአለሁ። በወሎ ረሃብ ጊዜ ደግሞ ከዘውዱ ጋር ጨርሶ ተቆራረጥኩ። ዛሬም ዘውድ አይናፍቀኝም፣ ይሄ ይታወቅልኝ።

መስከረም 2፣ 1967 ጃንሆይ ወረዱ። በቮልስዋገን ተወሰዱ። ዩኒቨርሲቲውም የእሳቸውን ስም ጣለ። ኬኔዲ ግን ኬኔዲ እንደተባለ ቀረ። የራሳችንን ስም ፍቀን የባዳውን ተውነው። ያኔ እንኳን ሊገርመኝ፣ ልብም አላልኩት።

ከዚያ ነሐሴ መጣ። ፍልሰታ ከተፈታ ሳምንት አልሞላውም፣ ነሐሴ 22። ዝናብ ነው። ሬድዮው የቀድሞው ንጉሠ ነገሥት ታመው ሞቱ አለ። አለቀ። ቀብር የለ፣ ምን የለ። እኔ ሥራ ልሄድ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። እናቴ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። መሬት ላይ ተቀመጠች። ድምፅ የለም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

በሩ ተንኳኳ። እናቴ ነጠላዋን ስትገለብጥ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ወንፊት ልትመልስ የመጣች የጎረቤት ልጅ ናት። እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀበለቻት፣ ሳቀችላትም። ልጅቷ ስትሄድ ነጠላዋን መልሳ አዘቀዘቀችው።

እኔ ተናደድኩ። ፈርቼም ነበር፣ ልዋሻችሁ አልችልም። «ለእሳቸው ብለሽ ልታስጨርሽን ነው?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ለአሜሪካኑ ሳለቅስ ማን ምን አለኝ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። መሥሪያ ቤት ስለ ጉዳዩ ያነሳ ሰው የለም። ሁላችንም ሬድዮ አለን፣ ሁላችንም አልሰማንም።

እናቴ በ1979 አረፈች። ድንኳኑ ሰው አልበቃ ብሎት ነበር። ያልደረሰችው ልቅሶ አልነበረማ፣ ሰው ሁሉ ብድሩን ሊመልስ መጣ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984፣ የጃንሆይ አጥንት ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ወጣ። በፍርድ ቤቱ ክርክርም ታፍነው መገደላቸው ተነገረ። ሬሳው በአታ ማርያም ለዓመታት ቆየ። በወጉ የተቀበሩት ጥቅምት 26፣ 1993 ነው፣ ቅድስት ሥላሴ። 25 ዓመት። ለሰው ቀብር ውቅያኖስ ተሻግረው የሄዱ ሰው ናቸው እኮ።

ያን ቀን እሁድ ነበር። ከሣጥን የእናቴን ነጠላ አወጣሁ። የሴት ነው፣ ሚስቴ ሳቀችብኝ። አዘቅዝቄ ለበስኩትና ወጣሁ። በራፋችን ላይ የጎረቤት ልጅ ኳስ ይዞ ቆሟል። አየኝና ደነገጠ።

«ጋሼ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ጃንሆይ» አልኩት።

«ውይ! መቼ?»